«የመጨረሻ አዲስ» የተባለው ፋይል

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አዲስ ሰው ሲተዋወቀኝ «ምን ትሠሪ ነበር?» ይለኛል። «መመሪያ እጽፍ ነበር» ስለው ወዲያው ጠንቀቅ ይላል፤ ይህን አድርግ፣ ያን አታድርግ የሚለውን የመንግሥት መመሪያ የጻፍሁ ይመስለዋል። የእኔ መመሪያ ሌላ ነው። የንብ ቀፎ እንዴት እንደሚሠራ፣ የእጅ ፓምፕ ሲበላሽ የትኛው ብሎን ቀድሞ እንደሚፈታ፣ ድንች የት እንደሚቀመጥ የሚያስረዱ፣ ሥዕል ያለባቸው ቀጫጭን መጻሕፍት ናቸው። ደብረ ማርቆስ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት እነዚህን ስተይብ፣ ስጽፍና ሳርም ፀጉሬ ሸበተ።

በቅርቡ የቀድሞ ባልደረቦቼ ጠርተውኝ ስለ «ማኅደሩ» ለአዲስ ተቀጣሪዎች እንድናገር ለመኑኝ። ማኅደር የምንለው የምንጽፈው ሁሉ በአንድ ቦታ የሚቀመጥበት የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው፤ ማን ምን እንደለወጠ፣ ለምን እንደለወጠ፣ ከመለወጡ በፊትም ምን ይል እንደነበር ይዞ ይቆያል። «መሥራቹ እርስዎ ነዎት» ብለው አጨበጨቡልኝ። ሲያጨበጭቡ እኔ የማየው መሬቱን ነበር። እንዴት እንደሚሠራ ጠየቁኝ እንጂ ለምን እንደሠራነው አንድም ሰው አልጠየቀኝም። ያን ነው የምጽፈው።

ሥራ የጀመርሁት በታይፒስትነት ነው። መጀመሪያ ጉንደ ወይን መደቡኝ፤ እዚያ ደብዳቤ ስመታ ጥቂት ከቆየሁ በኋላ ወደ ደብረ ማርቆስ ተዛውሬ መመሪያ ዝግጅት ክፍል ገባሁ። ደመወዙን ባላነሳው ይሻላል። የክፍሉ አለቃ አቶ ልሳነወርቅ ይባሉ ነበር። ዲማ ቅኔ ተምረው፣ ኋላ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገብተው፣ በግብርና ሠራተኛነት አገሩን በእግራቸው ያዳረሱ ሰው ናቸው። እኔን ከታይፒስት ጸሐፊ፣ ከጸሐፊ አራሚ ያደረጉኝ እሳቸው ናቸው።

አንድ ቀን የሳሙና አሠራር መመሪያ ተይቤ ሰጠኋቸው። «ውኃ፣ ሞራ እና የመሳሰሉትን አዘጋጁ» ይላል። እርሳሳቸውን ከጆሯቸው ላይ አወረዱ።

«ጥሩዬ፣ ይህች የመሳሰሉት የምትባለው ዕቃ የት ትሸጣለች?»

«ኧረ እኔ እንጃ፣ ጋሼ።»

«ሮብ ገበያ ትገኛለች?»

«አትገኝም።»

«እንግዲያ ሴትዮዋ ፈልጋ ስታጣት አንቺን ትረግምሻለች። አውጫት።»

እንዲህ ነበሩ። በአንድ ዓረፍተ ነገር ከአንድ ትእዛዝ በላይ አይፈቅዱም። የተሰረዘ ቃል ድምጥማጡ እንዲጠፋ አይወዱም፤ በቀጭን መስመር ብቻ ይሰርዙና ጠርዙ ላይ «እገሌ እንዲህ ስላለ» ብለው ይጽፋሉ። «ነገ የተሰረዘው ትክክል ሆኖ ቢገኝስ?» ይላሉ። ከሁሉ በላይ ግን ማንበብ ነበር ልማዳቸው። ማንኛውም መጽሐፍ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት ሁለት ሰው ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ አንዱ ከእርማቱ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፣ ሌላው በንጹሑ ቅጂ ላይ በጣቱ ይከተላል። ነጠላ ሰረዙ ሳይቀር ይነበባል። ይህን የያዙት ከቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ገልባጮች ነው። ጉሮሯችን እስኪደርቅ ስናነብ ውለን «በቃ ጋሼ፣ ትክክል ነው» ስንላቸው «ዓይን ይለምዳል፤ ጆሮ ግን አይለምድም» ብለው ያስቀጥሉናል።

እሳቸው ጡረታ ሲወጡ ክፍሉን እኔ ተረከብሁ። ያኔ ኮምፒውተር ገብቷል። ፍሎፒው አልፎ ፍላሽ በየሰዉ አንገት ተንጠልጥሏል። ሁላችንም የራሳችን ቅጂ አለን። አንድ መመሪያ አራት ቦታ ይገኛል፤ ስሙም «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ ሁለት»፣ «የመጨረሻ የታረመ» እየተባለ ይቀጥላል። ድምፅ አውጥቶ ማንበቡን ቀስ በቀስ ተውነው። መጀመሪያ ለአጫጭሮቹ ተውነው፣ ቀጥሎ ለሚቸኩሉት፣ ኋላ ለሁሉም። ኮምፒውተር እንደ ታይፕ ፊደል አይገድፍም እያልን ራሳችንን አጽናናን።

ሚሊኒየሙን ባከበርን ማግስት ስለ ድንች ሁለት መመሪያ እንድናዘጋጅ ታዘዝን። አንዱ ለምግብ የሚሆነው ድንች፣ ሌላው የዘር ድንች እንዴት እንደሚቀመጥ ነው። ለማያውቅ ሰው አንድ ይመስላል፤ ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። የሚበላው ድንች ጨለማ ይፈልጋል፤ ብርሃን ካገኘው አረንጓዴ ሆኖ ይመራል። የዘሩ ድንች ደግሞ ለስለስ ያለ ብርሃንና አየር ካላገኘ ቡቃያው ነጭና ረጅም ሆኖ ይልፈሰፈሳል፤ ይበሰብሳል። ስለዚህ ለዘሩ የሚሠራው ማከማቻ ግድግዳው በርብራብ እንጨት፣ ክፍተት እየተተወለት ነው።

የድንቹን ነገር የሚያውቀው የክፍላችን የሰብል ባለሙያ ደሳለኝ ነበር። እኔ የመጀመሪያውን ረቂቅ ስጽፍ ድካም ለማዳን ብዬ የምግብ ድንቹን ምዕራፍ ስሙን ብቻ «የዘር ድንች» እያልሁ ወደ ዘር ድንቹ መመሪያ ገለበጥሁት፤ ደሳለኝ የሚለወጠውን ይለውጠው ብዬ። ለወጠውም። ደህና አድርጎ አርሞ በፍላሽ አምጥቶ ሰጠኝ። የእሱን ፋይል «የዘር ድንች የመጨረሻ አዲስ» ብዬ ኮምፒውተሬ ላይ አስቀመጥሁት። የእኔ አሮጌው «የዘር ድንች የመጨረሻ» ነበር።

ሰኔ መጨረሻ ደረሰ። በጀት ሊዘጋ ነው፤ ማተሚያ ቤቱ «ዛሬ ካልላካችሁ ለከርሞ ነው» አለ። ላክሁ። የላክሁት ግን «የመጨረሻ» የሚለውን ነበር፤ «የመጨረሻ አዲስ» የሚለው ከሥሩ ቀርቶ ነበር። ማንም ለማንም አላነበበም።

መጽሐፉ መስከረም ላይ በስናን ወረዳ ገጠሮች ታደለ። ያሰራጨውም ሰው ጎበዝ፣ የተቀበለውም ሰው ጎበዝ። በመጋቢት አንድ ስልክ መጣ፤ «ዘራችን ተበላሽቷልና መጥታችሁ እዩልን» የሚል። የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ፣ ደሳለኝና እኔ በመኪና ሮብ ገበያ እስከምትባለው ከተማ ድረስ ሄድን፤ ከዚያ በእግር ወጣን። ከጮቄ ተራራ በኩል የሚመጣው ብርድ ፊት ይቆርጣል። ደሳለኝ መንገድ ላይ «በሽታ ይሆናል» ይለኝ ነበር፤ እኔም «ይሆናል» እለው ነበር።

የመጀመሪያውን ማከማቻ ሳየው በሽታ እንዳልሆነ አወቅሁ። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በጭቃ ተመርጓል። አንዲት ቀዳዳ የለውም። በጥንቃቄ የተሠራ፣ የሚያምር ሥራ ነበር። በሩ ሲከፈት የበሰበሰ ድንች ሽታ ወጣ። ያልበሰበሰው ደግሞ እንደ ክር የቀጠነ ነጭ ቡቃያ እርስ በርሱ ተተብትቦ፣ ሲነኩት ይበጠሳል። ደሳለኝ አንዷን ድንች አንስቶ አያት፤ ቀጥሎ እኔን አየኝ።

ገበሬዎቹ በቄስ ሞላ ግቢ ተሰብስበው ጠበቁን። ቄስ ሞላ የአጥቢያው ካህን ናቸው፤ እንደማንኛውም ገበሬ ያርሳሉ፣ ድንች ይተክላሉ። መጽሐፉ በመጣ ጊዜ ሰዉን ሰብስበው ያነበቡላቸው እሳቸው ነበሩ። ለእኛ ብለው ሳይሆን ለጎረቤቶቻቸው ብለው፣ ምሽታቸውን ሰውተው፣ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር አብራርተው። ይህን የሰማሁት እዚያው ነው።

ኃላፊያችን ተነሥተው ስለ መሥሪያ ቤቱ መልካም ሐሳብ ተናገሩ። ከዚያ «ምናልባት ያነበበው ሰው አሳስቶ አንብቦት ይሆናል። የሁለቱ ድንች መመሪያ ይመሳሰላል» አሉ።

ቄስ ሞላ ከተቀመጡበት አልተነሡም። ከጋቢያቸው ሥር መጽሐፉን አወጡ፤ ተጠቅልሎ በንጽሕና የተያዘ ነበር። ገለጡና በቅዳሴ ላይ ምንባብ እንደሚያነብ ሰው፣ ሳይቸኩሉ አነበቡት፦

«የዘር ድንች ማከማቻ ግድግዳ ብርሃን እንዳይገባ ተደርጎ በጭቃ ይመረጋል።»

ዘጉት። «አሳስቼ አነበብሁ ወይ?» አሉ።

ኃላፊያችን ወደ እኔ ዞሩ። ዓረፍተ ነገሩ የእኔ ነው፤ እያንዳንዷን ቃል አውቃታለሁ። በአንድ ዓረፍተ ነገር አንድ ትእዛዝ ብቻ ያለበት፣ «የመሳሰሉት» የሌለበት፣ ማንም ሊስተው የማይችል ዓረፍተ ነገር ነው። እንደ ተማርሁት ጽፌዋለሁ። ሰዎቹም እንደ ተጻፈው አደረጉ።

«አላሳሳቱም፣ አባ» አልሁ። «የላክሁት እኔ ነኝ። የታረመው እያለ ያልታረመውን ላክሁት።»

ማንም አልጮኸብኝም። ቢጮኹብኝ እንዴት ደስ ባለኝ። አንድ ሽማግሌ «ሰው ነሽ፤ ሰው ይሳሳታል» አሉ። ቄስ ሞላ ግን እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ እኛ ዘንድ መጽሐፍ ሲሳሳት የሚያፍረው የጻፈው ብቻ አይደለም። ያነበበውም ነው። እኔ እኮ ‹መጽሐፍ ነው፤ እመኑት› ብያቸዋለሁ።»

የዚያን ዓመት የመንደሩ ቤተሰብ ሁሉ ዘር በውሰት ፈለገ። ያላገኘው የድንች መሬቱን ገብስ ዘራበት። መሥሪያ ቤቱ ምትክ ዘር ለማቅረብ ቃል ገብቶ ጥቂት አመጣ፤ ያውም ዘግይቶ። እኔ ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ። ማስጠንቀቂያው አላሳፈረኝም፤ እንዲያውም ትንሽ ቀለለኝ። ያሳፈረኝ ደሳለኝ ነው። አንድም ቀን «አርሜ ሰጥቼሽ ነበር» አላለኝም።

አቶ ልሳነወርቅ ቤት ሄጄ ሁሉንም ነገርኋቸው። እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ማን አነበበልሽ?»

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ፤ እኔም ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልሁም።

በማግስቱ ሰላማዊት ዘንድ ሄድሁ። ሰላማዊት የመሥሪያ ቤቱ የኮምፒውተር ባለሙያ ነበረች፤ እኛ የምናውቃት ፕሪንተር ሲዘጋብን ብቻ ነው። የሆነውን ነገርኋትና «ይህ ዳግመኛ እንዳይሆን ምን ይደረጋል?» አልኋት።

«እትዬ ጥሩወርቅ፣ ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች ይህ ችግር ከእናንተ በፊት ገጥሟቸዋል» አለችኝ። «ቨርዥን ኮንትሮል ይባላል። ትክክለኛው ቅጂ አንድ ቦታ ብቻ ይቀመጣል። እያንዳንዱ ሰው ከዚያ ቀድቶ ይሠራል፤ ሲጨርስ የለወጠውን ከነምክንያቱ መልሶ ያስገባል። ሁለት ሰው አንድ መስመር ከለወጠ ፕሮግራሙ ቆም ብሎ ‹የትኛው ይሁን?› ይላል። ምንም ነገር አይጠፋም።»

«የተሰረዘውም?»

«የተሰረዘውም።»

አቶ ልሳነወርቅ በቀጭን መስመር ሲሰርዙ ታዩኝ።

ሥራው ግን እንዳወራነው ቀላል አልሆነም። ሰላማዊት የተጣለ አሮጌ ኮምፒውተር አጽድታ ከጠረጴዛዋ ሥር አስቀመጠች፤ መብራት ሲጠፋ የሚያቆየው ባትሪ ገጠመችለት፤ ከየእኛ ኮምፒውተር ገመድ ዘረጋች። መጀመሪያ የተጋጨነው ከፊደሉ ጋር ነው። የድሮ መመሪያዎቻችን የተተየቡት በየዘመኑ በነበሩ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ነበር። ማኅደሩ ውስጥ ሲገቡ አማርኛው የፈረንጅ ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ይሆናል። ሰላማዊት መቀየሪያ ፈልጋ አመጣች፤ እሱም «ጓ»ን፣ «ቧ»ን፣ «ሏ»ን የመሳሰሉትን ፊደላት ይውጣል። ጓሮው ሮ፣ ቧንቧው ን ብቻ ሆኖ ቀረ። ስለዚህ ከእያንዳንዱ አሮጌ መጽሐፍ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠን፣ አንዱ እያነበበ ሌላው እየተከተለ ማስተካከል ግድ ሆነ። ትተነው ወደ ነበረው ልማድ በግዳችን ተመለስን።

ሁለተኛው ጣጣ የሆሄያት ነው። ደሳለኝ «ፀሐይ» ብሎ ይጽፋል፤ ሌላዋ ጸሐፊያችን «ጸሃይ» ብላ ታርመዋለች፤ እሱ መልሶ ይለውጠዋል። ማኅደሩ ይህን ሁሉ እንደ ለውጥ ቆጥሮ ገጹን ሙሉ ቀይ ያደርገዋል፤ እውነተኛው ለውጥ መሀሉ ላይ ይጠፋል። ሦስት ቀን ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ አቶ ልሳነወርቅን ለመንኋቸው፤ ከዘራቸውን ይዘው መጡ። ወንበር ሰጠናቸው። «ፀሐይን በፀሐዩ ፀ፣ ጸሎትን በጸሎቱ ጸ። ከዚህ በኋላ በፊደል አትጣሉ፤ በነገሩ ተጣሉ» ብለው የሌሎቹንም ፊደላት አጻጻፍ ወሰኑልን።

ትልቁ ችግር ግን ደሳለኝ ነበር። በስብሰባ መካከል «እኔ አልገባበትም» አለ። «ስሜ በየመስመሩ እየተጻፈ? ይህ ለግምገማ የሚሆን ወጥመድ ነው።»

ኃላፊያችን ፈገግ አሉ። «ምን አለበት? ማን እንዳጠፋ በቀላሉ እናውቃለን ማለት ነው» አሉ። ሰላማዊት አቀረቀረች። ደሳለኝ «አያችሁ?» ብሎ ወረቀቱን ሰበሰበ።

እሱ ልክ ነበር። ተበድሎም ዝም ያለ ሰው ነው፤ እኔ ደግሞ የእኔን ጥፋት ተከትዬ በእሱ አንገት ላይ ገመድ ላስር ነው። ስብሰባው ሲበተን ሰላማዊት ጠረጴዛ ሄድሁ። እስካሁን ያስገባነው ለሙከራ ስለነበር ሰላማዊት አጥፍታዋለች፤ እውነተኛው ማኅደር ገና ባዶ ነበር።

«መጀመሪያ የዘር ድንቹን እናስገባ» አልኋት።

«ደሳለኝ ያረመውን?»

«አይደለም። የታተመውን።»

«እትዬ፣ ስህተቱን ለምን እናስገባለን? ከትክክለኛው እንጀምርና ታሪኩ ንጹሕ ይሁን።»

«ታሪኩ ንጹሕ አይደለማ፣ ልጄ።»

አስገባሁት። ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦ «በዚህ መልኩ ታትሞ ተሰራጭቷል። ስህተት ነው። የታረመው እያለ ይህን የላክሁት እኔ፣ ጥሩወርቅ ነኝ። ሳይነበብ ተላከ።» ማኅደሩ ውስጥ የሚገባ ሰው ሁሉ በለውጦቹ ዝርዝር መነሻ ላይ የሚያገኘው ይኸው ነው።

ከሰዓት በኋላ ደሳለኝ መጣና ስክሪኑ ላይ ጎንበስ ብሎ አነበበው። «ይህን ኃላፊው አይተውታል?» አለኝ።

«ያዩታል።»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ከአንገቱ ላይ ፍላሹን አውልቆ ሰካ፤ እርማቱን አስገባ። ምክንያቱን ሲጽፍ ከጀርባው ቆሜ አየሁት፦ «የዘር ድንች ብርሃን ስለሚፈልግ። ደሳለኝ።» ሌላ ምንም አልጻፈም። ከዚያች ቀን በኋላ ቡድኑ ሁሉ ገባበት። ኃላፊያችን ለግምገማ የፈለጉት ዕለት ደግሞ ሁላችንም አንድ ቃል ሆነን «መጀመሪያ የጥሩወርቅን ይገምግሙ» አልናቸው፤ የእኔ ማስጠንቀቂያ ተጽፎበት ያለቀ ነገር ነውና እሳቸውም ተዉት።

አዲሱን መጽሐፍ ማተሚያ ቤት ከመላካችን በፊት ደሳለኝ አነበበ፤ እኔ በጣቴ ተከተልሁ። ሲወጣ አንዱን ይዤ ብቻዬን ቄስ ሞላ ዘንድ ሄድሁ። ቤት አስገብተው ቆሎ አቀረቡልኝ። መጽሐፉን ተቀብለው ሙሉውን በልባቸው አነበቡት።

«ደህና ነው» አሉ። «ግን እኔ ለሰው አላነበውም።»

«ትክክል ነው እኮ አባ። አምስት ሰው አይቶታል።»

«ትክክል እንደሆነ አያለሁ። ችግሩ መጽሐፉ ላይ አይደለም። እኔ አፌን ስከፍት አሁን ሰዉ የሚያስታውሰው ያን ነው። በሰርግ ላይ እንኳ ‹ቄስ ሞላ፣ ጭቃ እናቡካ ወይ?› ይሉኛል። ይስቃሉ፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ።»

ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን መልሰነዋል። የእሳቸውን ነገር በምን እንመልሰው? ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «እሱን ያኔ ጨርሰነዋል» አሉ። እኔ ስወጣ መጽሐፉን ከዳዊታቸው አጠገብ ሳይሆን መደቡ ላይ አስቀመጡት። አልፈረድሁባቸውም።

ለሰው ባያነቡትም ለራሳቸው አንብበውት ኖሯል። በዓመቱ ለሌላ ሥራ በዚያ ሳልፍ ከግቢያቸው ጥግ የርብራብ እንጨት ማከማቻ ቆሞ አየሁ። ለማንም ሳይናገሩ ሠርተው፣ ባገኙት ጥቂት ዘር ሞክረውታል። ጎረቤቶቻቸው እያዩ ሄዱ፤ አይተው የራሳቸውን ሠሩ። ቄስ ሞላ የጎረቤቶቻቸውን ማከማቻ በእርሻው በኩል ወስደው ሊያሳዩኝ ፈለጉ። ተከተልኋቸው።

አንድ ደጃፍ ላይ አንዲት ሴት የርብራቡን እንጨት በልጥ እያሰረች ነበር። ከሰላምታ በኋላ ቄስ ሞላ «ይህች ናት የድንቹን መጽሐፍ የጻፈችው» አሏት።

ሴትዮዋ ሥራዋን አቆመች። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «የትኛውን? የፊተኛውን ነው የኋለኛውን?»

ቄስ ሞላ መልሱን ለእኔ ተዉልኝ።

«ሁለቱንም» አልሁ።

ከዚያ ልጡን ከእጇ አኖረችና የማከማቻውን በር ከፈተችልኝ። «በይ ግቢና እዪው» አለችኝ።